ክኒኑ ኖፓ ደርሷል፤ እንጀራውስ?

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ምሳ ነው።

"ስለ አእምሮ ሕመም እንጽፋለን አላላችሁም ነበር?" የሚለን አይጠፋም። ብለናል። የምንጽፈውም ስለ እሱው ነው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ በአገራችን ስለ አእምሮ ሕመም ሲወራ ምሳ የሚነሳው የዐውደ ጥናቱ መድረክ መሪ "በሉ አሁን ወደ ምሳ" ሲል ብቻ ነው። እኛም ከእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ ብዙ አልቀረንም፤ አንዋሽም። ሳህናችንን ይዘን ከቡፌው ፊት ስንሰለፍ፣ ከጠዋቱ ስላይድ ሁሉ ጭንቅላታችን ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ግንዛቤ ማስጨበጥ"። ጥሩ። ግንዛቤውን ጨበጥን፣ ጥብሱንም ጨመርን፣ ወደ ቤታችን ሄድን።

ከዚያ ክረምት ላይ ከመካከላችን ሁለታችን ኢሉባቦር ሄድን። መቱ የአንዳችን አገር ናት። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ ዘመድ ጠይቀን፣ ሶር ፏፏቴን አይተን (ፎቶ ሳንነሳ አልቀረንም)፣ በመጨረሻ በሰው በሰው ኖፓ ደረስን።

ኢሉባቦርን ለማታውቁ፣ ዝናብ የማይሰለቸው አገር ነው። ጎሬ ላይ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። ጫካው ቡና፣ ዛፉ ላይ የንብ ቀፎ፣ ጓሮው ጎደሬ። እዚህ ቦሌ ቁጭ ብሎ "ኢሉባቦር ውስጥ ሰው ይራባል" የሚል ሰው ይሳቅበታል። አረንጓዴ ነዋ! እኛም ስቀን ነበር የሄድነው። ሐምሌ ላይ ግን የአምናው በቆሎ አልቋል፣ የዘንድሮው እሸት አልደረሰም፣ ቡናው ደግሞ እስኪቀላና እስኪለቀም ድረስ ገንዘብ አይሆንም። አረንጓዴ ሁሉ አይበላም።

ኖፓ ውስጥ አንድ ቤት ገባን። ስም አንጠራም፣ ሰፈሩንም አንጠቁምም። ልጁ ሠላሳዎቹን የጀመረ ጎልማሳ ነው፤ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። እናቱ ቡና አፈሉልን፤ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያቀላቀሉ ብዙ አጫወቱን። ወሬ ወሬን ሲያመጣ ተነሱና ከፍራሹ ሥር አንድ ፌስታል አወጡ። ውስጡ ክኒን ነው። ያልተዋጠ ክኒን።

እኛ ያው የከተማ ልጆች አይደለን? ወዲያው መካሪ ሆንን። "እማማ፣ መድኃኒት ማቋረጥ እኮ አይገባም፣ ሕመሙ ይመለሳል…" ምናምን። የስላይዱን ቃል በቃል። አልተቆጡንም፤ ፈገግ ብለው ሰሙን። ከዚያ ነገሩን አስረዱን። መድኃኒቱን ያምኑበታል። ሲውጥ የሚሰማው ድምፅ ይቀንስለታል፣ ሌሊት ይተኛል፣ ደጅ ወጥቶ ሰው ሰላም ይላል። ግን ይርበዋል። እንደ እኛ እንደ እናንተ ረሃብ አይደለም። ሌሊት ተነስቶ ድስት ይከፍታል። ለቤተሰብ የተጋገረውን ለብቻው ይጨርሳል። ጎረቤት ሄዶ ይለምናል፣ እሳቸው ያፍራሉ። ስለዚህ እህሉ ሲሳሳ ክኒኑን ይቀንሱታል፤ አዝመራ ሲገባ ይመልሱታል።

አያችሁ? እኚህ ሴት የልጃቸውን የመድኃኒት መጠን የሚያስተካክሉት በጎተራው ልክ ነው። ካርዱ ላይ ግን "መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም" ተብሎ ይጻፋል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንጣላው ከዚያች አንድ መስመር ጋር ነው። ከጻፈው ባለሙያ ጋር አይደለም፤ እሱም ወረፋው በር ላይ ተኮልኩሎበት ነው። ጠባችን ሕክምና ማለት መድኃኒት ማደል ነው ብሎ ካሰበው ሥርዓት ጋር ነው። ሪፖርቱ "ይህን ያህል ሕሙማን አገልግሎት አገኙ" ይላል። የቆጠረው ክኒን ነው። በልተው ይሁን ሳይበሉ የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።

"የአንድ እናት ወሬ ነው" እንዳትሉን፣ ነገሩ ከተጠና ቆይቷል። ዶ/ር ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው የቡታጅራ አካባቢ ሕሙማንን፣ አስታማሚዎችንና የጤና ሠራተኞችን "መድኃኒት ለምን ይቋረጣል?" ብለው ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ምክንያት ምን ይመስላችኋል? አለማወቅ? አጉል እምነት? አይደለም። መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን የምግብ ፍላጎት የሚመልስ ምግብ ቤት ውስጥ አለመኖሩ ነው። እንግዲህ ይህ ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ አሁንም ግንዛቤ እያስጨበጥን ነው።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ክሎርፕሮማዚንም ሆነ ኦላንዛፒን የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ፤ ይህ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው ነው። ያለው ሰው ቤት ውስጥ ችግሩ በውፍረትና በስኳር በሽታ ይመጣል፤ ስለዚህ ክብደት መለካት፣ ደም መመርመር፣ አመጋገብ ማስተካከል የሕክምናው አካል ነው። የሌለው ሰው ቤት ውስጥ ያው መድኃኒት ረሃብ ሆኖ ይመጣል። አንድ ክኒን ነው፤ የሚያመጣው መዘዝ ግን እንደ ኪስ ይለያያል። ሁለቱም ቦታ ስለ ምግብ የማይጠይቅ ሐኪም ሥራውን ግማሽ ነው የሠራው።

እስኪ ወደ ቡታጅራ ትንሽ እንመለስ፤ ስለ ስኪዞፍሬኒያ በአገራችን የምናውቀው ብዙው ነገር የተገኘው እዚያ ነው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው ጥናት፣ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ባሉበት፣ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ተገኙ። ከመካከላቸው ከዚያ በፊት የአእምሮ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በኖረበት አገር ይህ ሊገርመን አይገባም።

ሊያስደነግጠን የሚገባው ከዚያ በኋላ የታየው ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ተደረገላቸው፤ ሕክምናም ቀረበላቸው። 121ዱ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት እንደሚለው እነዚህ ሰዎች የሞቱት ሊኖሩት ከሚችሉት ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። በምን ሞቱ? ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ራስን ማጥፋትም፣ አደጋም፣ የሰው እጅም አለበት። ግን ግማሹ የዘወትር ተላላፊ በሽታ ነው! ሰውነቱ የተጎዳ ሰው፣ ከጎረቤቱ ባነሰ የሚበላ ሰው፣ ሲያተኩሰው "እብዱ ነው" ተብሎ ጤና ጣቢያ የማይወሰድ ሰው እንዴት እንደሚሞት ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሶዶ ወረዳ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከባድ የምግብ እጦት የሚገጥማቸው ከሌላው የአካባቢው ሰው በእጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። እጥፍ። እዚያው ቀበሌ፣ እዚያው አዝመራ፣ እዚያው ገበያ ውስጥ።

አሁን ደግሞ የሚያናድደንን እንናገር።

ይህ አገር መድኃኒት በባዶ ሆድ እንደማይሠራ ያውቃል። አንዴ አውቆ ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ የተራበ ሰው መድኃኒቱን አይቀጥልም፣ ቢቀጥልም አያገግምም። ያኔ "ግንዛቤ የለውም" ተብሎ አልተተወም። ክብደቱ ተለካ፣ ለተጎዳው ምግብ በማዘዣ እንደ መድኃኒት ተሰጠ። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ተመደበ። አስታማሚ ሠለጠነ። ከመካከላችን አንዱ አጎቱ በዚያ መንገድ ነው የተረፈለት። ታዲያ ያ ዕውቀት የት ሄደ? የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ሆድ ከሌላው ሆድ በምን ይለያል?

እኛ መልሱን የምናውቅ ይመስለናል። የኤችአይቪ ታማሚ ተሰለፈ፣ ማኅበር አቋቋመ፣ ጮኸ። የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ሲጮህ ግን የሕመሙ ምልክት ነው ይባላል።

እዚህ ላይ "ግን እኮ እኛ ቤተሰብ አለን፣ ባህላችን ሰው አይጥልም" የሚለን ይመጣል። ይህን ከውጭም ከውስጥም ሰምተነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ድሮ ባስጠናቸው ጥናቶች የተነሳ "በድሃ አገር ያለ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ከሀብታም አገሩ የተሻለ ያገግማል፣ ቤተሰቡ ስለሚሰበስበው" የሚል ነገር ለብዙ ዓመት ሲነገር ኖሯል። ደስ ይላል። ጎጆና ከበሮ ያለበት ፖስትካርድ ይመስላል። ከላይ ያልናቸው 121 ሰዎች ግን ቤተሰብ ይሰበስባል በሚባልበት አገር ነው የሞቱት። የኖፓው ልጅም እናት አለው፤ እናቱ ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ቡና ለቅመው፣ የሰው እርሻ አርመው፣ እንጨት ተሸክመው የሚያመጡትን ነው እሱ ሌሊት ተነስቶ የሚበላው። በባህላችን እየተኩራራን ሸክሙን ሁሉ አንዲት ሴት ጀርባ ላይ ጥለን መሄዳችን ልክ አይደለም። ቡታጅራ ላይ ከተጠየቁት ቤተሰቦች ሦስት አራተኛው በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል። እና ቤተሰቡ ራሱ ደጋፊ ይፈልጋል። ማንም ሳይደግፈው ሲደክመው ነው እግር ብረቱ የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ከጭካኔ አይደለም፤ ሥራ ልሂድ ሲል ልጁን የሚጠብቅለት ሰው ስለሌለ ነው። ቤተሰቡ ጨርሶ ሲዝል ደግሞ መንገዱ ወደ መናኸሪያ ነው። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት 41 በመቶው ሳይኮሲስ እንዳለባቸው ታይቷል። ፒያሳ ላይ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ሰው አንድ ቀን የሆነ ኖፓ ውስጥ፣ የሆነች እናት ድስት አጠገብ ነበረ።

እስኪ ስለ ራሳችንም፣ ስለ ከተማው ወጣት። እኛ ምግብና አእምሮ ሲባል የምንሰማው ሌላ ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ "ስኪዞፍሬኒያ በቫይታሚን ይድናል"፣ "ግሉተን ተው" የሚል ይላክልናል። ያስቃል፤ የጤፍ እንጀራ መጀመሪያውኑ ግሉተን የለበትም! የቫይታሚኑ ታሪክ አዲስ አይደለም። ካናዳዊው ሐኪም አብራም ሆፈር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በከፍተኛ መጠን ኒያሲን እንደሚያክም ተናግሮ ነበር፤ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር ኮሚቴ አቋቁሞ ካጣራ በኋላ በ1973 "ማስረጃ የለውም" ብሎ ዘጋው። እዚህ ውድ ብልቃጥ የሚሸጡልን ሰዎች ያንን አልሰሙም ወይም መስማት አልፈለጉም። ምግብ ስንል ይህንን እያልን አይደለም። መድኃኒቱን የሚተካ ምግብ የለም። እኛ የምንለው መድኃኒቱ አብሮት ምግብ ይፈልጋል ነው፤ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ሹሮ፣ ዘይት። ቅንጦት የለበትም።

ጠበልም ላይ አንሳለቅም። መቱም ኖፓም አካባቢ ሰው ወደ ጠበል፣ ወደ ሼኩ፣ ወደ ፓስተሩ ይሄዳል፤ መጀመሪያ በሩን የሚከፍትለት እሱ ስለሆነ። ልመናችን አንድ ብቻ ነው፤ የታመመን ሰው አታስጾሙት። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሕመምተኛን ከጾም ነፃ የሚያደርግ ሥርዓት አላቸው፤ ያንን ሥርዓት ጮክ ብለው ይንገሩት። አንድ የንስሐ አባት "ልጄ፣ ክኒንህን ውሰድ፣ ብላም" ቢሉ ከእኛ አሥር ጽሑፍ ይበልጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አያስፈልግም፤ ተሞክሯል። እዚያው ቡታጅራ አካባቢ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሲከታተሉ፣ በሳይካትሪ ነርስ ከሚሰጠው ክትትል እንደማያንስ በ329 ሰዎች ላይ ታይቷል። ቀጥሎ ደግሞ 166 የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ያሉበት ጥናት ተደረገ። ሁሉም በጤና ጣቢያ ይታከማሉ፤ የግማሾቹ ቤት ግን ሐኪም ያልሆነ፣ ከአካባቢው ሰው መካከል ተመርጦ የሠለጠነ የተሃድሶ ሠራተኛ ለአንድ ዓመት ይመላለስ ነበር። ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ቤተሰቡን ያግዛል፣ ከሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር ያገናኛል፣ ከቀበሌና ከዕድር ሰዎች ጋር ይነጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ እንደሆነው፣ ከዓመት በኋላ ሰው የሚመላለስላቸው ታማሚዎች ኑሯቸውን በመምራት ከሌሎቹ ተሽለው ተገኙ። ይህ የተደረገው ስዊዘርላንድ ውስጥ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ቦታ ነው።

ኢሉባቦር ምን አነሰው? መቱ ውስጥ ካርል ሆስፒታል አለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በየዓመቱ የሚያስመርቃቸው ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ እናያቸዋለን። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች (እሷም በሪፖርት ብዛት ልታብድ ደርሳለች፤ ቃሉን ይቅር በሉን፣ ልማድ ሆኖብን ነው)። ዕድር አለ። የቡና ማኅበራት አሉ። የጎደለው ክኒኑን፣ እህሉንና ሰውን አንድ ቦታ የሚያገናኝ ውሳኔ ነው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓይኑ ድርቅ የሚያጠቃቸው ወረዳዎች ላይ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ረሃብን በዝናብ መለኪያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ኖፓ ላይ አያገኘውም። የጤና መድኑም ካርዱንና መድኃኒቱን ይሸፍን ይሆናል፤ አስታማሚዋ መቱ ደርሳ ስትመለስ የከፈለችውን የሚኒባስ ዋጋ ግን አይሸፍንም፣ በዚያ ቀን የቀረባትን የቀን ሥራም አይሸፍንም።

"ታዲያ ለድሃ ሁሉ እህል ይታደል? ከየት መጥቶ?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ እናውቀዋለን። ለድሃ ሁሉ አላልንም። ራሱ መንግሥት ባዘዘው መድኃኒት ምክንያት ለሚራበው ሰው ነው ያልነው። የቡታጅራው ቁጥር ሌላውም ቦታ ከሠራ ከ1000 ጎልማሳ 5 ቢሆን ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ሰው ማለት ነው። ለዚያ ሰው በክረምቱ ወራት የሚሰፈር በቆሎና ባቄላ የወረዳን በጀት አያናጋም። ምናልባት የዐውደ ጥናቱን ቡፌ ይቀንስ ይሆናል።

ከዚያ ቤት ስንወጣ እናትየው በሩ ላይ አንድ ነገር ጠየቁን፤ የማያስርብ መድኃኒት የለም ወይ? እኛ አናውቅም ነበር። አዲስ አበባ ተመልሰን አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ወዳጃችንን ጠየቅን። አለ፣ አለን። ሃሎፔሪዶል የዚያን ያህል አያስርብም። ግን ሰውነትን ይገትራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ለመንቀጥቀጡ ሌላ ክኒን አለ፣ በየጊዜው ከገበያ ይጠፋል እንጂ። ልጁ በጥቅምትና በኅዳር ትንሽ ሲሻለው ቡና እየለቀመ ነው እናቱን የሚያግዘው፤ ቡና ደግሞ ፍሬ በፍሬ፣ በጣት ነው የሚለቀመው። ይህን በስልክ ነገርናቸው። ዝም አሉ። ከዚያ እሸቱ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ክኒን ግማሽ ግማሽ እያደረጉ እንደሚሰጡት ነገሩን።